አሥራ አራት ፊርማ

ፅዮን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ነው የሰማችው። ቅዳሜ ጠዋት የወንድሟን ሚስት ፌኔትን ልታግዝ መጥታ፣ ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፌኔት ምድጃው ፊት ቆማ ቁሌት ታማስላለች። ወንድሟ በኃይሉ ሳሎን ውስጥ፣ ስልክ ሲይዝ ልማዱ እንደሆነው፣ ከሶፋው እስከ መስኮቱ እየተመላለሰ ጮክ ብሎ ያወራል። የጓዳው በር ገርበብ እንዳለ ልብ አላለም።

«የለም፣ በዚህ እንኳ አይጠራጠሩ» ይላል። «አሥራ አራቱም ፊርማ የራሳቸው የተጫዋቾቹ ነው። ባለሙያዋም ትናንት ጅግጅጋ ገብታለች፤ ዛሬ አይታ አፏን ሞልታ ትነግርዎታለች። ዋጋው ያው የተነጋገርነው ነው፣ አራት መቶ ሺህ። ከዚያ ዝቅ ብዬ የአባቴን ማሊያ አልሰጥም።»

የፅዮን ቢላዋ ቆመ። ቀና ብላ ፌኔትን አየቻት። ፌኔት አላየቻትም፤ ማማሰያውን ጣል አድርጋ ዞረችና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሥሩ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ማንም ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ውኃ አይለቅም። ፅዮን ውኃው ባዶ ማጠቢያው ላይ ሲንዠቀዠቅ እያየች፣ ይህች ሴት ታውቅ ነበር አለች በልቧ። ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ፌኔት ቧንቧውን የዘጋችው የበኃይሉ ድምፅ ሲቆም ነው።

አባታቸው አቶ ወልደሩፋኤል ሹፌር ነበሩ። በወጣትነታቸው ብሔራዊ ቡድኑን በአውቶቡስ ሁለት ዓመት አመላልሰዋል። ያንን ሥራ ለቀው ወደ ጅግጅጋ ሊመጡ ሲሉ፣ ተጫዋቾቹ አንድ አረንጓዴ ማሊያ ፈርመው ሰጧቸው። ሦስቱ የፈረሙት አውቶቡሱ ውስጥ፣ እሳቸው እያዩ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ካረፉበት ሆቴል ፎቅ ላይ ፈርመው በረዳቱ እጅ ላኩላቸው። ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ መኪና ከጅግጅጋ ቱሊ ጉሌድ ሲነዱ ያ ማሊያ ሻንጣ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ኖረ። በበዓል ቀን አውጥተው አልጋ ላይ ይዘረጉትና ጣታቸውን ከፊርማ ፊርማ እያሻገሩ የማን እንደሆነ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ሰውየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያወሩት ያኔ ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ታመው የተኙ ጊዜ፣ በኃይሉ ማሊያውን አዲስ አበባ ወስጄ ላስመርምረው አለ። በወሩ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ የያዘው ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነበር። ፊርማዎቹ በሙሉ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው ይላል ወረቀቱ፤ ማሊያውም የኋላ ጊዜ ሥሪት ነው፣ ምንም ዋጋ የለውም። ማሊያውንስ ሲሉት፣ «ምን ያደርጋል አባባ፣ እዚያው ጣልኩት» አላቸው። አባትየው ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፅዮንን ሦስት ጊዜ አስነበቧት። በሦስተኛው ቀን፣ «ሲስቁብኝ ኖረዋል ማለት ነው» አሉ። «ሹፌር ነው፣ ምን ያውቃል ብለው ነው።» ከዚያ በኋላ በየቀኑ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ይህ ይሆን ያታለለኝ፣ ወይስ ያ ይሉ ነበር። ፅዮን፣ ሦስቱስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊትዎ አልፈረሙም ወይ ስትላቸው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ «እንጃ ልጄ፣ አላየሁም ይሆናል» አሏት። በአራተኛው ወር ሞቱ።

በኃይሉ ወደ ጓዳ ብቅ ሲል ፅዮን የመጨረሻውን ሽንኩርት ልጣ ነበር።

«እሰይ፣ እዚህ ነሽ እንዴ? ልደውልልሽ ነበር» አላት። የቁሌቱን ሽታ አሞገሰ። ስለ መብራት መቆራረጥ አወራ። ከዚያ የበሩን መቃን ተደግፎ፣ «ያን የአባባን ማሊያ ታስታውሻለሽ?» አለ።

«ጣልኩት ያልከውን?»

«ጥዬው ነበር፤ የተውኩበት ሰውዬ አስቀምጦት ኖሯል። ፎርጂድም ቢሆን ለጌጥ የሚፈልግ አንድ ሞኝ ተገኘ። ሆቴል የሚከፍት። አምስት ሺህ ብር ይሰጣል፤ ግማሹ ያንቺ። ብቻ የወራሾች ፊርማ ይፈልጋል፣ ያንን አባባ ከተጫዋቾቹ ጋር የተነሱትን ፎቶም። ስምንት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ድረስ ይዘሽልኝ ነይ።»

ፌኔት ምድጃው ላይ አቀርቅራለች። ፅዮን እጇን በፎጣ አበሰች። «እሺ ጋሼ» አለችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራው። ቁርስ ቅመሺ ቢሏት ሆዴን አመመኝ ብላ ወጣች።

ቤቷ ከበኃይሉ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ባለአንድ ክፍል፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ የሚያይ። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቷ ቀጭን ወጣት ሆነው፣ ከአውቶቡሱ ፊት፣ ቱታ በለበሱ ተጫዋቾች መሐል። አወረደችው። ከዚያ አልጋዋ ሥር ካለው ካርቶን የአባቷን የጡረታ ወረቀቶች የያዘውን ክላሰር አወጣችና ያንን ደብዳቤ መስኮቱ ጋ ወሰደችው።

ፅዮን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰነድ በማረጋገጥ ሥራ ላይ ኖራለች። ሻጭና ገዥ፣ ወካይና ተወካይ ፊቷ ሲፈርሙ ትውላለች። የሰው ፊርማ ተመስሎ ሲፈረም ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ አስመሳዩ ቀስ ስለሚል መስመሩ ይርበተበታል፣ ብዕሩን የማይነሳበት ቦታ ያነሳዋል። ይህን ሁሉ እያወቀች ያንን ደብዳቤ አንድም ቀን በሥራ ዓይኗ አይታው አታውቅም። ወንድሟ ያመጣው ወረቀት ነበር፤ አንብባ አለቀሰች፣ አጥፋ አስቀመጠች። አሁን ግን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ስታየው የማኅተሙ ፊደላት ተንጋደው ታዩዋት፤ ገበያ ዳር በአንድ ቀን የሚቀረጽ ዓይነት ማኅተም። ባለሙያ ባስልዮስ የሚል ስም አለ፤ አድራሻ የለውም። ፊርማውን አየችው። ከዚያው ክላሰር፣ በኃይሉ አባታቸው ከሞቱ በኋላ የፈረመበትን የወራሽነት ወረቀት አወጣችና ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የባስልዮስ ፊርማ አጀማመሩ ሌላ ነው። መጨረሻው ላይ ግን መስመሩ ወደ ኋላ ይታጠፍና ከሥሩ ነጥብ ይጥላል። የበኃይሉም እንዲሁ። ሌላ ሰው መምሰል የሚፈልግ ሰው አጀማመሩን ይለውጣል፤ ሲጨርስ እጁ ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህንን አዲስ ሠራተኞች በመጡ ቁጥር የምታስተምረው እሷው ነበረች።

አላለቀሰችም። ፊቷን ታጠበች፣ ለቢሮ የምትለብሰውን ግራጫ ኮትና ጉርድ ለበሰች፣ ፎቶውንና ሁለቱን ወረቀቶች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሆቴሉ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ የመሬቱ ሴራሚክ በላስቲክ ተሸፍኗል። ባለቤቱ አቶ ዐያንሌ ስድሳ ያለፋቸው፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው አይሻ ላይ ከባቡር ሠራተኞች ጋር ኳስ ተጫውተዋል፤ ይህንንም ለመጣው ሁሉ ከመናገር አይቦዝኑም። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ አንድ ረጅም ግድግዳ ለኳስ ነገር ብቻ አስለቅቀዋል። ጫማ አለ፣ ሜዳሊያ አለ፣ የተነፈሰ ኳስ በመስታወት ውስጥ አለ። መሐሉ ላይ ያለው ትልቁ ክፈፍ ባዶ ነበር።

ማሊያው ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ፅዮን ጠረጴዛው ጋ ቀረበች። አረንጓዴው አልደበዘዘም፤ አባቷ ያጠፉበት መታጠፊያ እንኳ እንዳለ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለሙያ ሄርሜላ ጓንት አድርጋ፣ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር ደቅናበት ታየዋለች። ከጎኗ የድሮ የውሎ አበል መክፈያ ቅጂዎች ተደርድረዋል፤ ተጫዋቾቹ በዘመናቸው አበል ሲቀበሉ የፈረሙባቸው። አንዱን ፊርማ ከማሊያው፣ ከወረቀቱ፣ እንደገና ከማሊያው ታመሳክራለች። ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ አብርታ የክሩን ዕድሜ አየች። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ከውስጥ በኩል ገልብጣ መረመረች። በኃይሉ እጁን ኪሱ ከትቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፅዮንን በዓይኑ ሲጠቅሳት አየችው፤ ስለ አምስት ሺሁ ምንም እንዳትናገር ነው።

«የአንድ ሰው እጅ ቢሆን ሁሉም በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ጫና ይሄዱ ነበር» አለች ሄርሜላ ቀና ሳትል። «ይሄኛው ግራኝ ነው፤ እጁ ከኋላ እየተከተለ ቀለሙን አብሶታል። ይሄ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የፈረመው፣ ጨርቁ ሲሸሽበት ይታያል። ይሄ ደግሞ ስሙን ጀምሮ ተሳስቶ እንደገና ጽፎታል። አስመሳይ እንዲህ ተዝናንቶ አይሳሳትም።» መነጽሩን አወለቀች። «እውነተኛ ነው። አሥራ አራቱም።»

«ይቅርታ፣ አንዴ ድገሚልኝ» አለች ፅዮን።

ሄርሜላ ፈገግ ብላ አየቻት። «አሥራ አራቱም እውነተኛ ናቸው።»

አቶ ዐያንሌ በሶማልኛ አላህን አመሰገኑ። ከመሳቢያ የነሐስ ሰሌዳ አወጡ፤ ገና ያልተቀረጸበት። «ተጫዋቾቹን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ወላል» አሏት፤ በሶማልኛ እህቴም ወንድሜም ማለት ነው፣ ሰውን ሁሉ የሚጠሩት በዚህ ነው። «የነዳላቸውን ሰው ማን ያውቃል? እዚህ ላይ የአባትሽ ስም ይቀረጻል፤ ፎቶውም አጠገቡ ይሰቀላል። ሹፌር ወልደሩፋኤል። ከዚህ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

ፅዮን ይህን አልጠበቀችም። ከቤቷ ስትወጣ ያሰበችው ሌላ ነበር። አባቷ በመስታወት ውስጥ፣ በመብራት ሥር፣ ስማቸው በነሐስ ተጽፎ ታያት። ቦርሳዋን ከፍታ ፎቶውን ብቻ አወጣች፤ ወረቀቶቹን እዚያው ተወቻቸው። ይቅር፣ አለች በልቧ፤ ገንዘቡን ወንድሜ ይብላው፣ የእሳቸው ስም ይሰቀል። የወራሾቹ ስምምነት ፊቷ ቀረበላት፣ ብዕሩን አነሳች።

ይህኔ በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ ሊሞቱ ሰሞን ናቸው ማሊያውን እጄ ላይ ያኖሩት» አለ ለአቶ ዐያንሌ። ድምፁ ሳሳ። «ልጄ፣ ክብሬን ላንተ ትቼልሃለሁ ብለው፣ እየሳቁ መረቁኝ። ደስ ብሏቸው ነው የሞቱት።»

ፅዮን ብዕሩን መልሳ አስቀመጠችው።

«በኃይሉ» አለችው። ጋሼ ሳትለው ስትቀር ዞር አለ። «ሊሞቱ ሰሞን እጃቸው ላይ የነበረው ይህ ነው።»

ደብዳቤውን ማሊያው አጠገብ ዘረጋችው። አቶ ዐያንሌ አማርኛ ቀስ እያሉ ስለሚያነቡ ለሄርሜላ ገፋ አደረጉላት፤ ሄርሜላ ጮክ ብላ አነበበችው። በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ፣ የኋላ ጊዜ ሥሪት፣ ምንም ዋጋ የሌለው። ስትጨርስ፣ «ይህ ባስልዮስ የሚባል ባለሙያ ማነው?» አለች። «በዚህ ሥራ ያለነው ጥቂት ነን፣ እንተዋወቃለን።»

ፅዮን የወራሽነቱን ወረቀት ከጎኑ አኖረች። በቢሮ ድምፅዋ፣ ለባለጉዳይ እንደምታስረዳው፣ ጣቷን በሁለቱ ፊርማዎች ጭራ ላይ አድርጋ አሳየች። ሄርሜላ ማጉያዋን አንስታ አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትል ለአቶ ዐያንሌ አቀበለቻቸው።

«ወረቀቱ እውነት ከሆነ፣ አቶ ዐያንሌ የሚገዙት ጨርቅ ነው» አለች ፅዮን። «ማሊያው እውነት ከሆነ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ያስነበብከውም አልጋ ላይ ላለ ሰው ነው። የትኛው ነው?»

«ፅዮንዬ፣ ቤት ሄደን እንነጋገር።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

በኃይሉ ማሊያውን አየ፣ ሰውየውን አየ። ላቡ ከጆሮው ሥር ወረደ። መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ተሰማ። «እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው እያሉ እንደማይሸጥ ታውቂያለሽ። በቁማቸው ለማንም አያሳልፉትም ነበር። ዋጋ የለውም ሲባሉ ይተዉታል ብዬ ነው። እንዲያ ይሆናሉ አላልኩም።»

«ስንት ወር ነበር የተኙት?»

በኃይሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አቶ ዐያንሌ ሰሌዳውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። «ወላል» አሏት ቀስ ብለው፣ «ወንድምሽ ያደረገው መጥፎ ነው። እኔ ግን የምፈልገው የአባትሽን ስም ነው። ይህን ወረቀት ቅደጂው፣ ፈርሚ፣ ግድግዳዬ ላይ ይሰቀል። ገንዘቡንም በእኩል አካፍላችኋለሁ።»

«ካልተቀደደ ግን» አለች ሄርሜላ፣ «ማሊያውን ለመግዛት የሚመጣ ሁሉ ወረቀቱን ማየቱ አይቀርም። እኔ እውነተኛ ነው ብልም አንዴ ጥርጣሬ የገባበት ዕቃ በእኛ ሥራ አይነሳም።»

ሁሉም እጇን ያያሉ። ፅዮን ስለ ሰሌዳው አሰበች። ከዚያ የሆቴሉን የምረቃ ቀን አሰበች፤ በኃይሉ ሱፍ ለብሶ ክፈፉ ሥር ቆሞ፣ እንግዳ እየጨበጠ፣ እየሳቁ መረቁኝ ሲል። ያንን አንዴ ከሰማ ከተማው ለዘላለም ይደግመዋል። ፎቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«አልፈርምም» አለች። «ወረቀቱ ከማሊያው ጋር ይኑር። አንድ ላይ ይዟቸው ይሂድ።»

«እህትህ ካልፈረመች አልገዛም» አሉ አቶ ዐያንሌ ለበኃይሉ፤ ሰሌዳውንም መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ዘጉት። ፅዮን ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃ፣ ሄርሜላን አመስግና ወጣች።

በኃይሉ መንገዱ ላይ ደረሰባት። ማሊያውን በጨርቁ እንደነበረ ብብቱ ሥር ወሽቆታል፣ የደብዳቤው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። «ሁሉንም ውሰጂ» አላት እያለከለከ። «አራት መቶውንም። እኔ ምንም አልፈልግም፤ ተመለሽና ፈርሚ። ለአባባ ስትዪ።»

«አባባ ያታለላቸውን ሰው በስም ሲፈልጉ፣ አሥራ አራቱን በየቀኑ ሲጠሩ፣ አንተ እዚያ በር ላይ ቆመህ ትሰማ ነበር» አለችው። «ብርድ ልብሳቸውን እኮ ታስተካክል ነበር።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ንገሪኝና ላድርግ።»

«ምንም። የምታደርገው ምንም ነገር የለም።»

ባጃጅ ቆመላትና ገባች። ዞራ አላየችም፤ ሹፌሩ ግን በመስታወቱ እያየ፣ «ሰውየው መሐል መንገድ ላይ ቆሟል፣ መኪና ይገጨዋል» አላት። ንዳ አለችው።

ገበያው አጠገብ ስትደርስ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ትዝ አላት። ርቧታል። ወንድ በሞላበት አንድ የሶማሌ ምግብ ቤት ገብታ ጥግ ያለች ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ሩዝ በግመል ሥጋ አዘዘች። አስተናጋጁ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ የሚመጣ የለም አለችው። ሳህኑ የሁለት ሰው ነበር። አብሮ የመጣውን ሙዝ ልጣ ከሩዙ ጋር እየቆረሰች በላች። የነሐሱ ሰሌዳ አንድ ሁለቴ ዓይኗ ላይ መጣ፤ ሲመጣ ውኃ ትጠጣለች፣ መልሳ ትጎርሳለች። እንዲህ ጣፍጧት ከበላች ቆይታለች።

ስልኳ ጮኸ። በኃይሉ ነው፤ ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። በሦስተኛው ፌኔት ነበረች፣ አነሳችው።

«እትዬ ፅዮን፣ ምን ሆናችሁ?» አለች ፌኔት። «መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ግባ ስለው አይገባም። ያንን ነገር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፊርማዎቹን ያያል። ሰፈርተኛው እየቆመ ያየዋል። እባክሽ ነይና አንድ ነገር በይው።»

«ሲመሽ ይበርደዋል» አለች ፅዮን፤ «ጋቢ ደርቢለት።» ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

አስተናጋጁ ሳህኑ መጋመሱን አይቶ መጣና ላንሳው ወይ ብሎ ጠየቃት። ፅዮን እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ተወው» አለችው፤ «ገና አልጨረስኩም።»